ደብረ ብርሃን ለትምህርት ልመጣ ነው፤ ከልጅ ጋር የሚያከራየኝ ቤት እንዴት ላግኝ?

የሮቢቷ ነርስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሸዋ ሮቢት የምሠራ ነርስ ነኝ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ አልፌያለሁ፣ ከመስከረም መጨረሻ በፊት ገብቼ መገኘት አለብኝ። ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው። የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፣ ይዣት ነው የምመጣው። ባለቤቴ ሥራው እዚህ ስለሆነ ይቀራል፣ እናቴ ግን እየተመላለሰች ልጅ ትይዝልኛለች።

ችግሬ ቤት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልክ ስደውል ከረምኩ። ክፍል አለ ይሉኛል፣ ዋጋ እንነጋገራለን፣ እንስማማለን፣ ከዚያ "ስንት ናችሁ?" ሲሉኝ "እኔና ልጄ" ስል ነገሩ እዚያው ይቆማል። አንዷ "እኛ ለላጤ ነው የምናከራየው" አለችኝ። አንዱ "ልጅ ግድግዳ ያበላሻል" ብሎ ዘጋው። ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር። ስልኩን ሳስቀምጥ "እኔን ነው የማይፈልጉኝ?" አለችኝ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አሁን በሰው በሰው አንድ ደላላ አግኝቻለሁ። ሰርቪስ ክፍል ነው፣ ፎቶ ልኮልኛል፣ ቀለሙ አዲስ ነው፣ ሊሾውም ንጹሕ ነው። በወር 3500 ብር፣ ልጅም ችግር የለውም ብሏል። ግን "ሌላ ሰው ሊይዘው ነው፣ የሦስት ወር ቅድሚያ ዛሬውኑ ላኪ" እያለ በቀን አራት ጊዜ ይደውላል። ልላክ? ሄጄ ልይ ካልኩ ደግሞ ምን ምኑን ልይ? የደብረ ብርሃንን ብርድ በመኪና ሳልፍ እንጂ አድሬበት አላውቅም። ተከራይታችሁ የተማራችሁ፣ በተለይ ልጅ ይዛችሁ የኖራችሁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ።


የመንዝ ልጅ፦

እህቴ፣ ብሩን አትላኪ። ምንም ይበልሽ ምን ሳታዪ አትላኪ።

እኔ ባለፈው ዓመት ነው ሁለተኛ ዲግሪዬን የጨረስኩት። ሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ቤት ቀይሬያለሁ፣ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርሽ። መጀመሪያ ቤት ከመፈለግሽ በፊት ትምህርት ክፍልሽ ደውለሽ የምትማሪው የት እንደሆነ ጠይቂ። ዋናው ግቢ ነው ወይስ አስራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ? የተግባር ልምምዱስ የትኛው ሆስፒታል ነው? ብዙ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ርካሽ ቤት ይይዝና ሁለት ዓመት ሙሉ ለባጃጅ ሲከፍል ይኖራል። አንቺ ደግሞ ልጅ አለችሽ፣ በምሳ ሰዓት እንኳን ብቅ ብለሽ ማየት ትፈልጊያለሽ። ዶርም ይሰጠኛል የሚል ሐሳብም ካለሽ ተዪው፣ ከልጅ ጋር የሚሆን አይደለም።

ጊዜው ላይ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ። የክረምት ተማሪዎች፣ አብዛኞቹ መምህራን ናቸው፣ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ጨርሰው ይወጣሉ። ያኔ ቤት ይለቀቃል። መደበኛው ተማሪና ሠራተኛው ከመመለሱ በፊት ያለችው ያቺ ሁለት ሦስት ሳምንት ናት ጥሩ ቤት የሚገኝባት። መስከረም አጋማሽ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ሰው ያልፈለገው ነው።

አሁን ስለ ብርዱ። ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ ነው ከፍታው፣ ደብረ ብርሃን 2800 ይደርሳል። ጣርማበርን ወጥተሽ ስትመጪ ሌላ አገር የገባሽ ነው የሚመስልሽ። ስለዚህ ቤቱን በቀትር ፀሐይ አትዪው፣ በቀትር ሁሉም ቤት ይሞቃል። አንድ ሌሊት ዘመድ ቤት ወይም ፔንሲዮን እደሪና ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሂጂ። ገብተሽ ቀና ብለሽ ጣሪያውን እዪ። ኮርኒስ ከሌለው ተመለሺ። የመጀመሪያው ቤቴ ኮርኒስ አልነበረውም፣ ሌሊት የኔ ትንፋሽ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ውሃ ይሆንና ንጋት ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ጥቅምት ላይ ነው የጀመረኝ፣ ዝናብ በሌለበት ወር ብርድ ልብሴ ረጥቦ እነቃለሁ። መጀመሪያ ጣሪያው ቀዳዳ ያለው መስሎኝ አከራዬን ወቅሻቸው ነበር።

ከዚያ እጅሽን ግድግዳው ግርጌ ላይ አድርጊ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ። ክረምቱን የጠጣ ግድግዳ ቀለም ቢቀባም ይቀዘቅዛል፣ ትንሽም ይላላል። ነሐሴ ላይ አዲስ ቀለም የተቀባ ቤት ካየሽ ለምን እንደተቀባ ጠይቂ። በሩስ ወዴት ነው የሚያየው? የጠዋት ፀሐይ የምትገባበት ቤት ለልጅ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሰል ቤት ውስጥ አታሳድሪ። እኔና ጓደኛዬ ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሲበረታብን ምድጃውን አስገብተን በሩን በጨርቅ ወትፈን ተኛን። ሌሊት እሱ ሲያስመልሰው ነው የነቃሁት፣ እኔም ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነበር፣ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ በዳዴ ነው በሩን የከፈትኩት። እሱ ባይነቃ ኖሮ ሁለታችንም አልነበርንም።


ከአጣዬ፦

እኔን የደረሰብኝን ልንገርሽና አንቺ ወስኚ። አምና ልክ እንዳንቺ ፎቶ ተላከልኝ፣ ልክ እንዳንቺ "ሌላ ሰው ሊይዘው ነው" ተባልኩ። የሁለት ወር ላክሁ። ፍራሼን፣ ዕቃዬን፣ የአንድ ወር እህሌን ጭኜ መጣሁና በሩን አንኳኳሁ። የከፈቱልኝ አባት ደላላውን በስምም በመልክም አያውቁትም። "ልጄ፣ በዚህ ሳምንት ሦስተኛው ሰው ነህ" አሉኝ። ዕቃዬን ግቢያቸው አሳደሩልኝ፣ እራትም አበሉኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። የደላላው ስልክ ያን ቀን እንደጠፋ ቀረ። ብሩን ያጠራቀምኩት ማሾ ሸጬ ነበር።

ደላላ ሁሉ እንዲህ ነው አልልም። አሁን ያለሁበትን ያገኘልኝም ደላላ ነው። እሱ ግን ቤቱን አሳይቶኝ፣ ከአከራዩ ጋር ቁጭ አድርጎ አስማምቶኝ፣ ቁልፍ ከተቀበልኩ በኋላ ነው ድርሻውን የተቀበለው። ለኪራዩ የሚከፈለው ብር ደግሞ በደላላ እጅ አያልፍም፣ ለባለቤቱ ብቻ ነው።


እማማ (የሚጽፈው የልጅ ልጃቸው ነው)፦

ልጄ፣ ጽሑፍሽን የልጅ ልጄ አነበበልኝ። ልጅሽ ያለችው ነገር አንጀቴን በላው፣ ለዚህ ነው ጻፍልኝ ያልኩት።

እኔ እዚሁ ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያረጀሁ ነኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። ጓሮ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ማከራየት የጀመርኩት ዩኒቨርሲቲው በ1999 ሲከፈት ነው። ያኔ ቤት ነበር ተከራይ የሚፈልገው። አሁን ፋብሪካው በዛ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ መጣ፣ ከየቦታው የተፈናቀለ ወገንም ከተማችን ገብቷል፣ ሁሉም የሚያድርበት ይፈልጋል። አንድ ክፍል ስትለቀቅ ገና ሳትጠረግ አምስት ሰው በር ላይ ይቆማል። አከራይም መምረጥ ለመደ። ደግ ነገር አይደለም፣ ግን እንዲህ ነው የሆነው።

ልጅ አንፈልግም የሚሉት ልጅ ጠልተው እንዳይመስልሽ። አንዱ ውሃ ነው። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣ። በመጣ ቀን ሮቶውንም በርሜሉንም እንሞላለን፣ ያቺው እስከ ሌላው ፈረቃ ለግቢው ሰው ሁሉ መድረስ አለባት። ላጤ ተማሪ ቅዳሜ አንዴ አጥቦ ነው። ልጅ ያለው በየቀኑ ያጥባል። ሁለተኛው መብራት ነው። ቆጣሪው አንድ ነው፣ ሂሳቡ ሲመጣ እንካፈላለን። ለልጅ ወተት ይፈላል፣ ገላዋን ለማጠብ ውሃ ይሞቃል፣ እንጀራ ይጋገራል። ያኔ ብቻውን የሚኖረው ልጅ "እኔ አምፖል ብቻ አብርቼ እኩል ልክፈል?" ይላል፣ እውነቱን ነው። ጠቡ ሁሉ ከዚህ ነው የሚነሳ። አከራይ ይህን ጠብ ፈርቶ ነው "ለላጤ" የሚልሽ።

ስለዚህ ስትደውዪ "ልጅ አለችኝ" ብለሽ ጀምሪ። መጨረሻ ላይ ስትነግሪያቸው የደበቅሻቸው ይመስላቸዋል። ቀጥለሽ "በርሜል የራሴን እገዛለሁ፣ ምጣድ የምጠቀምበትን ተነጋግረን ጨምሬ እከፍላለሁ" በያቸው። እንዲህ ያለችውን ሴት የምመልስበት አፍ የለኝም። ከቻልሽ ደግሞ ልጅሽን ይዘሻት ነይ፣ እናትሽም አብራ ብትመጣ ጥሩ ነው። በስልክ የተሰማ ልጅ ጩኸት ነው የሚመስል፣ በዓይን ሲያዩዋት ግን ልብ ይራራል።

አንቺም እኛን መርምሪን። መጸዳጃ ቤቱ ለስንት ክፍል ነው ብለሽ ጠይቂ፣ ሄደሽም ግቢበት። በር ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋ በይ፣ አንዳንዱ ግቢ ምሽት ሁለት ሰዓት ከዘጋ አይከፍትም፣ አንቺ ደግሞ ከሆስፒታል አምሽተሽ ትመጫለሽ። እናትሽ መጥታ ስትሰነብት ኪራይ ይጨመራል ወይ በይ። ይህን ሳይነጋገሩ ገብተው በእናት መምጣት የተጣሉ አውቃለሁ። አከራዩን ጠይቀሽ ስትጨርሺ አብረው ያሉትን ተከራዮች ለብቻቸው አግኝተሽ ጠይቂ። ስለ እኔም ቢሆን ተከራዮቼን ጠይቂ።

ለወለሉ ደግሞ፣ ሊሾ ሲያዩት ያምራል እንጂ ብርድ ይተፋል። ገበያ ወጥተሽ የመንዝ ዝተት ግዢ። ከፍራሹ ሥር አንጥፊው፣ ከላይ ብቻ ብርድ ልብስ ቢደራረብ ብርዱ ከታች ነው የሚገባው። ልጅቱን ከግድግዳው በኩል አታስተኚያት። ኅዳር ላይ ውጪ ያደረ ባልዲ ስስ በረዶ ይዞ ታገኚዋለሽ፣ ጠዋት ጠዋት በጣቴ ሰብሬው ነው ፊቴን የምታጠብ። ደግሞ ትለምጂዋለሽ፣ ልጆችም ቶሎ ይለምዱታል።


የሮቢቷ ነርስ፦

እማማ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ያሉኝን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ውሃውን አስቤው አላውቅም ነበር። እኔ የምደውልላቸው ሰዎች ልጄን የጠሉ ነበር የሚመስለኝ። ለመሆኑ ለምጣዱ የሚጨመረውን እንዴት ነው የሚተምኑት?

የመንዝ ልጅ፣ እንኳን ተረፋችሁ። ስለ ከሰሉ እንደ ነርስ ልጨምር፣ ሌላም ሰው ያነበዋል። ሰው የሚፈራው ጭሱን ነው፣ "ከሰሉ ቀልቷል፣ ጭሱ ወጥቷል" ብሎ ያስገባዋል። ገዳዩ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ አይታይም፣ አይሸትም፣ የቀላ ከሰልም ያወጣዋል። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሄዳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ከተሰማችሁ በሩን ከፍታችሁ ውጡና ጤና ተቋም ሂዱ። ቤቱን ማሞቅ ካስፈለገ ከመተኛት በፊት ምድጃውን አውጥቶ ቤቱን ማናፈስ ነው። ሕፃናት ደግሞ ከኛ ቀድመው ነው የሚጎዱት።


እማማ፦

እኔ ለምጣድ ወር በወር ቁርጥ አድርጌ ነው የምቀበል፣ ቢጋገርም ባይጋገርም። ስንት እንደሆነ ግን የየቤቱ ነው። አንዳንዱ ግቢ ለየክፍሉ ትንንሽ ቆጣሪ አስገብቷል፣ እንዲህ ያለ ካገኘሽ ጥሩ ነው፣ የተጠቀምሽውን ታያለሽ፣ ክርክር የለም።


የውል ነገር፦

ጠበቃ ነኝ፣ የኪራይ ክርክር በየጊዜው ስለሚገጥመኝ አንድ ሁለት ነገር ልበል። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ደግሞ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ነው። አዋጁ በቀጥታ የተጻፈው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው፣ በክልል ከተሞች ላይ የሚሠራው ክልሉ ሲወስን ነው። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ከተማ አስተዳደሩ ጎራ ብለሽ ውሉ የሚመዘገብበት ክፍል ጠይቂ። አዋጁ እዚያ ቢሠራም ባይሠራም ግን ደላላው የጠየቀሽ ሦስት ወር አዋጁ ካስቀመጠው ልክ በላይ ነው።

አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ኪራዩ ስንት ነው፣ ውሃና መብራት እንዴት ይከፈላል፣ ልቀቂ ሲባል ወይም መልቀቅ ስትፈልጊ በስንት ወር ቀድሞ ይነገራል፣ ነዋሪዎቹ እነማን ናቸው። የልጅሽንና የእናትሽን ስም ውሉ ላይ አስገቢ። ከሦስት ወር በኋላ "ለአንድ ሰው ነበር ያከራየሁት" የሚባለው ክርክር በዚህ ይዘጋል። በሁለት በኩል ምስክር ይፈርም። የገባሽ ቀን የተሰነጠቀውን መስታወት፣ የማይዘጋውን ቁልፍ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሁሉ ፎቶ አንሺና ለአከራይሽ ላኪላቸው፣ ልጅ ያበላሸው እንዳይባል።

አከራይ "እኛ በእምነት ነው" ሊሉሽ ይችላሉ። በአክብሮት ንገሪያቸው። "እምነቱ አለ፣ እንዳልረሳ ነው የምጽፈው" ስትያቸው ብዙዎቹ እሺ ይላሉ።


የሮቢቷ ነርስ፦

እንዴት ሆንሽ ላላችሁኝ፣ ይኸው ተመልሻለሁ።

ዓርብ ከእናቴና ከልጄ ጋር መጥተን ፔንሲዮን አደርን። ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ የሄድኩት ደላላው ፎቶ ወደላከልኝ ቤት ነው፣ አድራሻውን ጨቅጭቄ ተቀብዬው ነበር። ግቢው አለ፣ ክፍሉም ፎቶው ላይ ያለው ነው። ግን ከሰኔ ጀምሮ ሰው ይኖርበታል። ተከራይዋ በሩን ስትከፍትልኝ ከኋላዋ ያንኑ ሊሾ አየሁት። ከበሩ ላይ ሆኜ ስደውልለት አላነሳም። ከአጣዬ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ያንተን ባላነብ ኖሮ 10500 ብሬ ሄዶ ነበር።

ሌሎች አራት ቤቶች አየን። አንዱ ኮርኒስ የለውም፣ ቀና ብዬ አይቼ ወጣሁ። አንዱ መጸዳጃው ለዘጠኝ ክፍል ነው። ሦስተኛው በጣም ጥሩ ነበር፣ ግን በሩ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ይዘጋል፣ ሴትዮዋን ብለምናቸውም አልሆነም። አራተኛው ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ግቢ ነው። የጭቃ ቤት ነው፣ እውነት ለመናገር ሳየው አልወደድኩትም ነበር፣ በስልክ ቢሆን እዘለው ነበር። ስገባበት ግን ከብሎኬቶቹ ሁሉ ይሞቃል፣ የጭቃ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ኮርኒሱም ደህና ነው። ግርጌውን ነካሁት፣ ደረቅ ነው። በሩ ወደ ምሥራቅ ነው።

"ልጅ አለችኝ" ብዬ ነው የጀመርኩት። ጋሼ ትንሽ ዝም አሉ። እኔ ስለ በርሜሉና ስለ ምጣዱ ስናገር ልጄ እጄን ለቃ ሄደች፣ ስፈልጋት እትዬ ጋ ጓሮ ሆና ዶሮዎቹን ገብስ እየበተነች ታበላለች። እትዬ ከዚያው ሆነው "እንግዲህ ይቺ ከመጣች ዶሮዎቹን አልጠብቅም" አሉ። ጋሼም ሳቁ። 3200 ተስማማን፣ የአንድ ወር በባንክ ከፈልኩ፣ ውሉን በእጄ ጻፍኩት፣ የልጄም የእናቴም ስም ገብቷል።

ጳጉሜን 3 እገባለሁ። ዕቃ ከሮቢት ጭኜ ላመጣ አስቤ ነበር፣ ጭነቱ ከዕቃው በለጠብኝ። ባለ ሜትር ከሃያ አልጋና ደህና በርሜል የሚሸጥ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።